ድንጋይ ውሃ የሚያጠጡ ሰዎች

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ሐሮ ወንጪ ገባሁ። የሴሚስተር እረፍት ማለት ይኸው ነው እንግዲህ... ጓደኞቼ አምቦ መዋኛው ውስጥ ይንቦጫረቃሉ፣ እኔ በሁለት ሹራብ እንሰት መሃል እንቀጠቀጣለሁ። እማዬ ስትሸኘኝ አንድ ምክር ብቻ፦ «ሃዋኒ፣ ሽማግሌ ላይ እንዳትቀልጂ።» እሺ አልኩ። መኪናው ከመናኸሪያ ሳይወጣ ረዳቱ ላይ ጀመርኩ። ሽማግሌ አልነበረም፤ ስለዚህ አይቆጠርም።

የመጣሁት ለሰርግ ሽንኩርት ልልጥ ነው። ሀና ልታገባ ነው። የካቲት 16፣ ከዐቢይ ጾም በፊት ያለችው የመጨረሻ እሁድ። ያቺ ካመለጠች እስከ ፋሲካ ሰርግ የለም። ሀና በዝምድና አክስቴ ናት፣ በዕድሜ ግን አምስት ዓመት ብቻ ነው የምትበልጠኝ። «አክስቴ» ካልኳት ጫማ ትወረውራለች።

ሙሽራው ኦሊቃ የጎረቤት ልጅ ነው፤ ሐይቁ ላይ ጀልባ ይቀዝፋል። ልጁ ጥሩ። ችግሩ ጎረቤትነቱ ነው። የኦሊቃ አባት ኦቦ ፉፋና አያቴ እምዬ ሸዋገነት በአንድ የእርሻ ወሰን ሰባት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላልሰዋል። ሀና «እኔና ኦሊቃ እንኳ እንደነሱ አዘውትረን አልተገናኘንም» ትላለች። ከሁለት ዓመት በፊት ኦቦ ዋቆ የሚመሯቸው ሽማግሌዎች አስታረቋቸው። ወሰኑ ላይ አንድ ድንጋይ አቆሙ፣ ቅቤ ቀብተው መረቁት፣ የሚነቅለውን ደግሞ ረገሙ። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ሁለቱም እየሄዱ ቅቤ ይቀቡታል... አንዱ ከሌላው እንዳያንስ። ያ ድንጋይ የጠገበውን ቅቤ እኔ በሕይወቴ አልበላሁም።

እምዬ ጉንጬን ስማ ሳትጨርስ፦
«ያ የፉፋ ውሻ ድንጋዬን ይልሳል!»
«ድንጋዩ የሁለታችሁ አይደል እንዴ?»
«ግማሹ የኔ ነው። የሚልሰው ደግሞ በኔ በኩል ነው።»

የትኛው ድንጋይ እንደሆነ እንኳ አላሳየችኝም። ማሳው ዳር ድንጋይ ሞልቷል። ነገ ሽንኩርት።

ጥር 26፣ ሰኞ

ዛሬ ጉድ መጣ። አንድ ነጭ ፒካፕ፣ ሁለት ሰው፣ መዶሻ፣ ሚዛን፣ ባልዲ፣ ጄኔሬተር። የአስጎብኚዎቹን አዳራሽ ተከራዩ። ትልቁ ዶክተር አሻግሬ ይባላሉ። ኪስ በኪስ የሆነ ሰደርያ፣ አገጫቸው ሥር በገመድ የታሰረ ባርኔጣ። ንፋስ የለም እኮ... ገመዱ ለምንድነው? ትንሹ ዘሩባቤል ነው፤ ማስተርሱን የሚሠራ የአዲስ አበባ ልጅ። መነጽሩ በየደቂቃው ይንሸራተትበታል።

ሰው ተሰብስቦ «ማን ያስተረጉማል?» ሲባል እጄ ከእኔ ቀድሞ ተነሳ። ሽንኩርት ቻው!

ዶክተሩ አብራሩ። የገባኝን ልጻፍ፦ ወንጪ ድሮ እሳተ ገሞራ ነበረች። ታች ያለው ፍል ውሃ የሚሞቀው ከሥር ገና ትኩሳት ስላለ ነው። ትኩሳቱን በእንፋሎት አውጥቶ መብራት ማድረግ ይቻል እንደሆነ ይጠናል። ለዚያ ደግሞ ድንጋዩ መታወቅ አለበት... ምን ያህል ይከብዳል፣ ምን ያህል ቀዳዳ አለው፣ ሙቀት ያሳልፋል ወይስ ያፍናል።

«ድስት አስቡ» አሉ። «ከሥር እሳት። መሃል ላይ ውሃ የሚይዝ ባለ ቀዳዳ ድንጋይ። ከላይ ምንም የማያሳልፍ ክዳን። ክዳን ከሌለ እንፋሎቱ ሁሉ ያመልጣል። እኛ የምንፈልገው ክዳኑን ነው።»

እኔ በኦሮምኛ ደገምኩት። ኦቦ ፉፋ እጃቸውን አወጡ።
«ሌላው ሁሉ ገብቶኛል። ድስቱ የማን ነው?»
እምዬም ወደኋላ አላለችም፦ «ከኛ ሥር እሳት ካለ ይኼ ሁሉ ብርድ ከየት መጣ?»

ዶክተሩ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። መልሱ ባርኔጣው ውስጥ አልነበረም።

ጥር 27፣ ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ለቀማ። የሰዉ ደስታ! ኦቦ ፉፋ «ውሰዱት፣ ሁሉንም ውሰዱት፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለቅም አላልቅ ያለኝን!» ብለው እርሻቸውን ወለል አድርገው ከፈቱ። አንድ ሰውዬ ደግሞ የራሱን ጓሮ ድንጋይ በአህያ ጭኖ አዳራሹ በር ላይ አራግፎ ሄደ። ዘሩባቤል «ናሙና እንዲህ አይሰበሰብም» እያለ ሊያለቅስ ደረሰ።

እምዬ ዶክተሩ ጎንበስ ብለው ድንጋይ ሲያሸቱ አየች። ጆሮዬ ጋ ተጠግታ፦
«ለዚህ ነው ዶክተር የሆኑት?»
«አዎ።»
«እናታቸው ያውቃሉ?»

ከሰዓት እኛ ማሳ ዳር ደረስን። እኔ ከብት የሚጠብቁትን ልጆች ከሚዛኑ ሳባርር ዘሩባቤል ብቻውን መዶሻውን ይዞ ዞር ዞር አለ። ትልቅ ትልቁን ይመርጣል፤ በኋላ በመሰርሰሪያ በስቶ ከውስጡ ክብ ቁራጭ ለማውጣት እንዲመቸው። ከረጢቶቹን አብረን ወደ መኪናው ተሸከምን። አንዱ ወገቤን ሊቆርጠው ነበር።
«ይኼ ምንድነው፣ የኦቦ ፉፋ ጭንቅላት ነው?» አልኩት።
«ቁጥር አሥራ አራት ነው» አለ። ቀልድ አይገባውም። ምስኪን።

ጥር 28፣ ረቡዕ

ድንጋዩ የለም።

የወሰኑ ድንጋይ። እምዬ ጠዋት ልታየው ሄዳ ስትጮህ ከአልጋዬ ወደቅሁ። ሰው የሞተ መስሎኝ በባዶ እግሬ ሮጥኩ። ድንጋዩ የነበረበት ቦታ ላይ ቆማ ወደ ኦቦ ፉፋ ቤት፦ «ፉፋ! ወሰን ገፊ! ነቀልከው!» እሳቸውም ሸማቸውን እየጎተቱ ወጡ። «አንቺ ነቅለሽ እኔን ትከሺኛለሽ? ድሮም ያንቺ ሥራ ይኼ ነው!»

ከዚያ የባሰ መጣ። እምዬ ካስማ አምጥታ «እዚህ ጋ ነበር» ብላ ቸነከረች። ኦቦ ፉፋ የራሳቸውን ካስማ አምጥተው አንድ ክንድ ያህል ወደ እሷ ገፋ አድርገው ቸነከሩ። አንዱ የሌላውን እየነቀለ፣ እየረገጠ... መሬቱ ታርሶ አረፈ። ድንጋዩ የነበረበት ጉድጓድ የት እንደነበር አሁን እግዜር ይወቅ።

ሀና በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሀና ዝም ስትል ያስፈራል።

ጥር 29፣ ሐሙስ

ኦቦ ፉፋ ሰው ላኩ፦ «ወሰን ከነቀለ ቤት ልጅ አንወስድም።»
እምዬ መለሰች፦ «ወሰን ለነቀለ ቤት ልጅ አንሰጥም።»

የሚገርመው... ሁለቱም አንድ ቃል ነው ያሉት። ሰርጉ ቀረ ማለት ነው? ሀናን ጠየቅኋት። «ድንጋዩ ካልተገኘ አዎ» አለች። ድንኳን ታዟል፣ ጌሾው ተወቅጧል። ከጾሙ በፊት ካልታረቁ እስከ ፋሲካ፣ እስከዚያ ደግሞ እነዚህ ሰዎች ክስ መሥርተው ቁጭ ነው። ሰባት ዓመት ሌላ... ሀና በዚያን ጊዜ ስንት ዓመቷ ይሆናል? እሷም ያሰበችው ይህንኑ መሰለኝ።

ማታ በአጥሩ በኩል ኦሊቃ ያፏጫል። ሀና አልወጣችም። እኔ ወጣሁ።
«ምን ትላለች?»
«ምንም አትልም።»
«ምንም?»
«አንተስ ምን ትላለህ?»
እሱም ምንም። ታዲያ ምን ያፏጫል!

ጥር 30፣ አርብ

ሽንኩርት የለም፣ ሰርግ የለም፣ ሳቅ የለም። እምዬ ለራሷ ታወራለች። የኦቦ ፉፋ ውሻ ብቻ ማሳው ላይ እያሸተተ ይዞራል። እሱም የጎደለበት ነገር አለ።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

አዳራሹ ይሻለኛል ብዬ ሄድኩ። እዚያ ደግሞ ሠርግ ነው!

የሚሠሩት ይኼ ነው፦ ድንጋዩን በፀሐይ ያደርቃሉ፣ ይመዝናሉ፣ ባልዲ ውሃ ውስጥ ከተው አሳድረው ደግሞ ይመዝናሉ። የከበደውን ያህል ውሃ ጠጥቷል፤ የጠጣውን ያህል ቀዳዳ አለው ማለት ነው። የኛ አካባቢ ድንጋይ ጠጪ ነው። ባልዲው ውስጥ ሲገባ ይንተከተካል፣ አረፋ በአረፋ። ቁጥር አሥራ አራት ግን... ምንም። አንዲት አረፋ የለም። ገብቶ ወጣ፣ ክብደቱ ያው። ውሃው ጎመን ቅጠል ላይ እንደፈሰሰ ከላዩ ተንከባለለ።

ዶክተሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ! ራሰ በራ ናቸው። «ክዳኑ!» አሉ። «ዘሩባቤል፣ ክዳኑ ነው! ከሸዋገነት ማሳ ሥር!» አዲስ አበባ ደወሉ። ስልኩ ላይ «አንዲት ጠብታ አያስገባም፣ አንዲት!» እያሉ አዳራሹን ዞሩት። እዚያው ወሰኑ ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈራል አሉ፤ ሁለቱ ባለመሬቶች ብቻ ይፈርሙ።

ሁለቱ ባለመሬቶች! ሳቄን ዋጥኩት።

ዘሩባቤል ከአሥራ አራት መሃል በመሰርሰሪያ ቁራጭ አውጥቷል። ክብ፣ ልስልስ ያለ፣ የባትሪ ድንጋይ የሚያህል። ትልቁ ድንጋይ ከወዲያ ወዲህ የሚያሳይ ቀዳዳ ተርፎታል።

የካቲት 2፣ እሁድ

ዶክተሩ ፊርማ ፍለጋ ወጡ። እኔ አስተርጓሚ።

ኦቦ ፉፋ፦ «መሬቱን የሰረቀችኝን ሴትዮ ጠይቁ።»
እምዬ፦ «መሬቴን የሰረቀኝን ሰውዬ ጠይቁ።»
ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረው፦ «ምን አሉ?»
«ይመካከሩበታል።»

የካቲት 3፣ ሰኞ

ዛሬ የሆነው ለማመን ይከብዳል። ያስቃል ወይስ ያስደነግጣል፣ አልለየሁም።

ጾመ ነነዌ ገባ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም የለም። እኔና ዘሩባቤል አዳራሹ ውስጥ ሆዳችን እየጮኸ ቁጭ ብለናል። ያቺ ክብ ቁራጭ ሙቀት ማሳለፏ ከመለካቱ በፊት ትድረቅ ተብላ የኤሌክትሪክ ማድረቂያው ውስጥ ገባች። ትንሽ ቆየ... ሽታ መጣ።

ቅቤ።

ጾም አሳሳተኝ መሰለኝ። አማተብኩ። ሽታው ባሰ። ዘሩባቤልን አየሁት። እሱም አፍንጫውን ይዟል።
«ይሸትሃል?»
«አይሸተኝም» አለ፣ ምራቁን እየዋጠ።
«ዘሩ።»
«...ቅቤ ቅቤ ይላል።»

ማድረቂያውን ከፈትን። ቁራጯ አልባታለች። ወርቅማ ነገር ከጎኗ ጠብ ጠብ ይላል። ነካሁት፣ አሸተትኩት... ያኔ ገባኝ።

በየበዓሉ! ሁለት ዓመት! አንዱ ከሌላው እንዳያንስ!

«ዘሩ፣ አሥራ አራትን ከየት አመጣኸው?»
«ከማሳው ዳር።»
«እንዴት ነበር?»
«ቆሞ። ደስ የሚል ነው፣ ለብቻው ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ላዩን አቧራ የጋገረበት። ስስበው እንደ ወተት ጥርስ እሺ ብሎ መጣ።»
«ድንጋይ ለብቻው ቀጥ ብሎ ሲቆም አይተህ ታውቃለህ?»

መነጽሩ ተንሸራተተ። አልመለሰውም።

ውሃ አልጠጣም ያለው ለካ ቅቤ ጠጥቶ ጠግቦ ነው! የዶክተሩ ክዳን የእምዬና የኦቦ ፉፋ ቅቤ ነው! ሳቅኩ። ከዚያ ሀና ትዝ አለችኝ፤ ከዚያ ደግሞ ከረጢቱን በገዛ ትከሻዬ መኪናው ላይ መጫኔ ትዝ አለኝ። ሳቄ ቆመ።

አንድ ፒካፕ ሙሉ ድንጋይ ከመንደሩ ሲወጣ ሁላችንም እያየን ነበር። ድንጋይ ሲጠፋ ግን ማንም ወደ ፒካፑ አላየም። ለምን? እምዬ ሌባውን አስቀድማ ታውቀዋለቻ። ኦቦ ፉፋም እንደዚሁ። ፍለጋ ለምን ያስፈልጋል?

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ለዶክተሩ ነገርናቸው። ማለት... ዘሩባቤል «እ... ዶክተር...» ብሎ ቀረ፤ የቀረውን እኔ ተናገርኩ።

ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። አዲስ አበባ ደውለው «ተገኘ» ብለዋል እኮ። አሁን ምን ሊሉ ነው፣ ቅቤ ነበር? ትንሽ አሳዘኑኝ። ትንሽ።

«ሌላ ናሙና ወስደን እናረጋግጥ» አሉ። ወሰድን፣ ከዚያው ማሳ፣ ካልተቀባው። ባልዲው ውስጥ ሲገባ ተንተከተከ። ጠጣ፣ ጠጣ... ዶክተሩ ቆመው አረፋውን ሲያዩት ቆዩ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን ድንጋይ አይዋሽም እያልኩ አስተማርኩ።»
«ድንጋዩማ አልዋሸም» አልኳቸው። «ምን በልተህ ነው የመጣኸው ብሎ የጠየቀው የለም።»

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ገመድ ያለው ባርኔጣ የሚያደርግ ሰው እንደዚያ ይስቃል ብዬ አላሰብኩም።

ኦሊቃን ጠርተን ሥርዓቱን ጠየቅነው። ወሰን የነቀለ ሰው ድንጋዩን ራሱ ተሸክሞ፣ እርጥብ ሣር ይዞ ሽማግሌዎች ፊት ይቀርባል። ዘሩባቤል «እኔ እሸከማለሁ» አለ። ኦሊቃ ራሱን ነቀነቀ፦ «አለቃ ካለ አለቃው ነው።»

ዶክተሩ ድንጋዩን አዩት። ቀዳዳውን አዩት። «ወገቤ» አሉ ብቻ።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ትልቁ ጥድ ሥር መንደሩ ሁሉ ተሰብስቧል። እምዬ በአንድ ወገን፣ ኦቦ ፉፋ በሌላው፣ ኦቦ ዋቆ መሃል በርጩማ ላይ። ሀናና ኦሊቃ እንደማይተዋወቁ ሰዎች ከኋላ።

ዶክተር አሻግሬ ዳገቱን ወጡ። በትከሻቸው ድንጋይ፣ በእጃቸው ሣር፣ ባርኔጣው በገመዱ ማጅራታቸው ላይ ተንጠልጥሎ። ገመዱ ለምን እንደሆነ ገባኝ። ድንጋዩን ኦቦ ዋቆ እግር ሥር ሲያወርዱት ሕዝቡ «ኡ!» አለ። እምዬ አፏን ያዘች። ኦቦ ፉፋ እምዬን አዩ፣ እምዬ ኦቦ ፉፋን አየች፣ ሁለቱም ቶሎ ወደ ሌላ።

ዶክተሩ ጀመሩ፦ «በናሙና አሰባሰብ ሂደት ላይ በተፈጠረ የአሠራር ክፍተት ምክንያት...»

በኦሮምኛ ተረጎምኩ፦ «ተሳስቼ የሰው ድንጋይ ወሰድኩ፤ ያን ቀን ባርኔጣዬን እንጂ ጭንቅላቴን ይዤ አልወጣሁም ይላሉ።»

ሽማግሌዎቹ ፈነዱ። ኦቦ ዋቆ እየሳቁ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፦ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኛም አማርኛ እንሰማለን እኮ። ያንቺ ግን ይሻላል፣ ቀጥዪ።»

መሬት ብትውጠኝ... ዶክተሩ «ምን ብላችሁ ነው?» ይላሉ። ማንም አልነገራቸውም። መንደሩ ጨዋ ነው።

ነገሩ ትኩስ ሳለ የኔንም ጨመርኩ፦ «ወደ መኪናው የተሸከምኩት እኔ ነኝ። አላወቅሁም ነበር።» እምዬ ዓይኗ... ቤት እንገናኝ የሚል ዓይን።

ኦቦ ዋቆ ሣሩን ተቀበሉ። ይቅር ተባለ። አሁን ድንጋዩ ይመለስ። የት?

እዚህ ላይ ሁሉም ነገር ሊበላሽ ነበር። ማሳው ላይ ወርደን እምዬ የራሷ ካስማ ጋ ቆመች፣ ኦቦ ፉፋ የራሳቸው ጋ። ዘሩባቤል ደስ ብሎት ብድግ፦ «እኔ ቦታው በጂፒኤስ አለኝ!»
«ልክ ነው የሚያሳየው?» አሉ ኦቦ ዋቆ።
«በጣም ልክ። ሦስት ሜትር ቢሳሳት ነው።»
«ልጄ፣ እነዚህ የተጣሉት በአንድ ክንድ ነው።»

ጂፒኤሱ ወደ ኪስ ተመለሰ።

ያኔ የኦቦ ፉፋ ውሻ በሰዉ እግር መሃል ሹልክ ብሎ መጣ። አሸተተ፣ ዞረ፣ አሸተተ... ከዚያ ተጋድሞ መሬቱን መላስ ጀመረ! ኦቦ ዋቆ እጃቸውን አነሱ። ላስ፣ ላስ፣ ላስ።

እምዬ ጮኸች፦ «የሱ ውሻ ነው! ለሱ ይመሰክራል!»

ኦሊቃ ውሻው የተኛበትን በእጁ ጫር ጫር አደረገ። አፈሩ ጠቁሮ የወዛ። አሸተተው፣ ለኦቦ ዋቆ አቀበለ። ቅቤ። ሁለት ዓመት ወደ ታች የወረደ ቅቤ። ቦታው ደግሞ... ከእምዬ ካስማ ሥር ነው፣ ከጎኑ! የኦቦ ፉፋ ካስማ ወዲያ ነው።

እምዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦ «ድሮም ጨዋ ውሻ ነው።»
ኦቦ ፉፋ ውሻውን፦ «አንተ! በየቀኑ የማበላህ እኔ!»

ግን ሌላ ነገር ቀረ። ኦቦ ፉፋ ድንጋዩን ዳሰሱ፣ ጣታቸው ቀዳዳው ውስጥ ገባ። «ይኼ ያ ድንጋይ አይደለም። የኛ ቀዳዳ አልነበረውም። እኔ በዚህ አልታረቅም።» ዘሩባቤል እንደ ድንጋዩ ደረቀ። ሀና ዓይኗን ጨፈነች።

ኦቦ ዋቆ አሰቡ። ድንጋዩ ቦታው ላይ ይቁም አሉ። ቆመ። «አሁን አንቺ ከዚያ፣ አንተ ከዚህ፣ ተንበርከኩና በቀዳዳው እዩ። ከሁለቱም ወገን እኩል ከታየ፣ ወሰን ነው።»

ሁለት ሽማግሌ ሰዎች ጭቃ ላይ ተንበረከኩ። እኔ ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነከስኩ። ግንባራቸው ድንጋዩን ነካ። እምዬ አልተነሳችም።

«ፉፋ።»
«ምን?»
«ዓይንህ ላይ ነጭ ነገር አለ።»
«አንቺን አያገባሽም።»
«ሞራ ነው። የኔ ባል እንዲሁ ነበር የጀመረው። ከመቼ ወዲህ ነው?»
«...ካምናው ክረምት።»
«ታዲያ ካስማውን እንዴት አይተህ ነው የቸነከርከው?»

ኦቦ ፉፋ ቀስ ብለው፦ «በግምት።»

ማንም አልሳቀም። እኔም።

እምዬ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች፣ ቀሚሷን አራገፈች። «ያው ድንጋይ ነው» አለች። «እኩል ይታያል።» ከዚያ ሀናን ዞራ አየቻት፦ «ምን ቆመሻል? ሽንኩርቱን ማን ይልጠዋል?»

የካቲት 17፣ ሰኞ

ትምህርት ስለጀመረ አምቦ ነበርኩ፣ ቅዳሜ ተመልሼ መጣሁ። ትናንት ሰርጉ ሆነ። ዛሬ ጾም ገባ፣ የተረፈው ሥጋ ለውሻው። ይገባዋል።

ዶክተሩ ጨፈሩ። ባርኔጣው አልወደቀም። ዘሩባቤል ያቺን ክብ ቁራጭ በጨርቅ ጠቅልሎ ለሙሽሮቹ ሰጠ፤ «ከሁለታችሁም መሬት ናት» ብሎ። ከዚህ ሰው እንዲህ ያለ ቃል ይወጣል?

አንድ ነገር ደግሞ። እምዬ ኦቦ ፉፋን አምቦ ዓይን ሐኪም ጋ እንድወስዳቸው አዘዘችኝ። «አንቺ ሆስፒታሉን ታውቂዋለሽ። ብቻውን ከሄደ የሌላ ሰው ዓይን አሠርቶ ይመጣል።»

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

ለፋሲካ ሐሮ ወንጪ።

እማዬ አሁን የምትናደድብኝ በሌላ ነገር ነው። ቤታችን ባልዲ ሁሉ ድንጋይ አለበት። ከጊንጪ መንገድ፣ ከጎጆ ከተማ ዳገት፣ ጓደኞቼ ሳይቀሩ ያመጡልኛል። የጎጆው ይንተከተካል፣ የጊንጪው ዝም። ለዘሩባቤል ጻፍኩለት። መልሱ ረጅም፣ ቀልድ የሌለበት፣ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ክዳኑን አሁን ታች ሸለቆው ውስጥ ይፈልጉታል አለ። ድንጋይ ከማንሳቱ በፊት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይኼን ማን አቆመው?» ነው አሉ... ዶክተሩ ለተማሪዎቹ ሁሉ ደንብ አድርገውታል።

ሀና ያቺን ክብ ቁራጭ ነጭ ሽንኩርት ትወቅጥባታለች። ወጡ ቅቤ ሳይገባበት ቅቤ ቅቤ ይላል ትላለች። በጾሙ ስትጨነቅ ከረመች።

ከሰዓት ማሳው ጋ ወረድኩ። ኦቦ ፉፋ ዓይናቸውን ከተሠሩ ሁለት ሳምንታቸው። ጥቁር መነጽር አድርገው ድንጋዩ ጎን ተቀምጠዋል። እምዬ ከወዲህኛው ጎን፣ በቅጠል የበዓሉን ቅቤ ይዛ። ውሻው መሃል። ሳልታይ ቆምኩ።

«እስቲ ሸዋገነት፣ ጎንበስ በይ። ልሞክረው።»
«ምኑን?»
«ዓይኔን።»

ጎንበስ አለች። ኦቦ ፉፋ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ዓይናቸውን ቀዳዳው ላይ አደረጉ። ረጅም ጊዜ አዩ። በጣም ረጅም።

«ምነው ዝም አልክ? ይታይሃል?»
«ይታየኛል።»
«ታዲያ?»
«አንቺ ሸዋገነት... እንዲህ አርጅተሽ ኖሯል እንዴ?»

እምዬ የያዘችውን ቅቤ በሙሉ ቀዳዳው ላይ ለጠፈችበት። ውሻው ተነሳ።